ለስልካችሁ ዳክ ስትገዙ ከሄድፎናችሁ ጀምሩ

ስልኬ ውስጥ አንድ የማሲንቆ ቅጂ አለ። ሁለት ዓመት ያህል ስሰማው ቆይቻለሁ። አንድ ማታ ጓደኛዬ ዳክ የምትባል፣ የጣት ውፍረት የምታህል ነገር ከኪሱ አውጥቶ ስልኬ ላይ ሰካት። የራሴኑ ኢርፎን አስገባንባትና ያንኑ ቅጂ ከፈትኩት። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ። የደጋኑ ጭራ ክሩን ሲነካ፣ ገና ዜማው ሳይወጣ፣ አንዲት ሻካራ ድምፅ አለች። እሷንም ሰማኋት። ቅጂው ያው ነው። ኢርፎኑም ያው ነው። የጠፋው ነገር እስከዚያ የምጠቀምባት፣ በርካሽ የገዛኋት መቀየሪያ ስታሰማው የኖረችው "ሽሽሽ" ነው። ለካ ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ የሚሸፍነው እሱ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ "የቱን ዳክ ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔም መልሼ "ሄድፎንህ ምንድን ነው?" እላለሁ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ጥያቄ ዘሎ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ እኔ ራሴ በምሄድበት ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ዕቃው ምንድን ነው? ሙዚቃ ስልካችሁ ውስጥ የተቀመጠው በቁጥር ነው። ኢርፎን ደግሞ ቁጥር አይገባውም፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚለውጠው ዳክ ይባላል። የተለወጠው ሞገድ ደካማ ስለሆነ አምፕሊፋየር ያጎለብተዋል። ስልክ ላይ የምትሰካው ትንሿ ዕቃ ሁለቱንም በሆዷ ይዛለች። ሰው በልማድ "ዳክ" ይበላት እንጂ ለጆሮ ልዩነት የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ነው።

1. በእርግጥ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ክብ የኢርፎን ቀዳዳ ያለው ስልክ ከያዛችሁ ምናልባት ምንም መግዛት የለባችሁም። አፕል ቀዳዳውን በ2016 ከአይፎን 7 ጀምሮ አነሳው። ጉግል በ2017 በፒክስል 2 ተከተለ። ሳምሰንግም በ2019 በኖት 10 ላይ አስቀረው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚያዙት ብዙዎቹ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ስልኮች ግን አሁንም ቀዳዳው አላቸው።

እንዲህ ሞክሩት። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ኢርፎናችሁን ስልኩ ላይ ሰኩ። ዘፈን ክፈቱና ወዲያው አቁሙት። በዝምታው ውስጥ ሽሽታ ወይም ጭርጭርታ ይሰማል? ከዚያ ዘፈኑን አስቀጥሉትና ድምፁን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጉት። በቂ ነው? ሽሽታ ከሌለና ድምፁ ከበቃችሁ ገንዘባችሁን ለተሻለ ኢርፎን አስቀምጡት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ኢርፎን መቀየር የሚያመጣው ለውጥ ዳክ መቀየር ከሚያመጣው ጋር አይወዳደርም።

ደግሞ የምትሰሙት ፋይል ራሱ ምን ይመስላል? በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የኖረ፣ ከካሴት ተገልብጦ ሦስት ጊዜ የተጨመቀ ኤምፒስሪ ከሆነ ዳኩ የጠፋውን አይመልስም። የካሴቱ ሽሽታ ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው። ጥሩ ዳክ እንዲያውም አጥርቶ ያሰማችኋል።

2. ስልኩ ዳክ ይቀበላል?

እዚህ ላይ ራሴ ተበልቼአለሁ። ከአንድ ሱቅ ታይፕ ሲ ወደ ክብ ቀዳዳ የሚቀይር አጭር ገመድ ገዛሁ። ሻጩ "ለሁሉም ስልክ ይሠራል" አለኝ። ቤት ገብቼ ስሰካው ድምፁ የሚወጣው ከስልኩ ስፒከር ነው። ገመዱ ውስጥ ዳክ የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ ሽቦ ነው። እንዲህ ያለው የሚሠራው በታይፕ ሲው በኩል የተለወጠ ድምፅ የሚያወጡ ስልኮች ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ የቆዩ ሁዋዌና ሻኦሚ ስልኮች ያወጣሉ። ሳምሰንግና ፒክስል አያወጡም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ዳክ እንዳለው በግልጽ ካልተጻፈ አትውሰዱት።

ስልኩን ለመፈተን ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የኦቲጂ መቀየሪያ (ፍላሽና መሰል ዕቃ ስልክ ላይ የሚያሰካ) ፈልጉና ፍላሽ ስልካችሁ ላይ ሰኩ። ፍላሹን ካነበበ ለዳኩም ኃይል መስጠት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳኩንም ያውቀዋል። ኦፖ፣ ቪቮ፣ ሪልሚና ዋንፕላስ ላይ ኦቲጂን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ካልተጠቀማችሁበት ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። ብዙ ሰው "ዳኩ ተበላሸ" ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አይፎን ከ2023ቱ አይፎን 15 ጀምሮ ታይፕ ሲ ነው፤ ሰክቶ መስማት ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ግን የላይትኒንግ መሰኪያ ያላቸው ናቸው። ቻርጅ የምታደርጉበት ከላይትኒንግ ወደ ታይፕ ሲ የሚሄደው ገመድ ለዳክ አይሆንም። ወይ የላይትኒንግ ጫፍ ያለው ዳክ፣ ወይ የአፕልን የካሜራ መቀየሪያ መግዛት አለባችሁ።

3. ሄድፎኑ ምን ያህል ኃይል ይበላል?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

የሄድፎናችሁ ካርቶን ላይ ወይም የአምራቹ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንደኛው በኦም የሚለካው ነው፤ ሄድፎኑ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየውን መቋቋም ይነግራችኋል። ሁለተኛው በዴሲቤል የሚለካው ነው፤ በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው የሚያየው ኦሙን ብቻ ነው። የዴሲቤሉ ቁጥር ግን እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ይመዝናል።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ሙዚቃው በጣም ከፍ የሚልባት ቅጽበት፣ ለምሳሌ ከበሮው ሲመታ፣ ጆሯችሁ ጋ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ ፈለጋችሁ እንበል። ለአንዲት ቅጽበት ነው እንጂ እንዲህ ጮክ አድርጋችሁ ስሙ አላልኩም። በአንድ ሚሊዋት 105 ዴሲቤል የሚሰጥ ተራ ኢርፎን ለዚህ 3 ሚሊዋት ይበቃዋል። በአንድ ሚሊዋት 90 ዴሲቤል ብቻ የሚሰጥ ትልቅ ሄድፎን ግን 100 ሚሊዋት ይፈልጋል። ልዩነቱ ሠላሳ እጥፍ ነው። ሁለቱም ካርቶናቸው ላይ "32 ኦም" ሊል ይችላል።

አንዳንድ አምራች ደግሞ ዴሲቤሉን የሚጽፈው በሚሊዋት ሳይሆን በቮልት ነው። 32 ኦም ላለው ኢርፎን በቮልት የተጻፈው ቁጥር በሚሊዋት ከሚጻፈው 15 ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለት ኢርፎን ስታወዳድሩ መለኪያቸው አንድ መሆኑን ሳታዩ አትፍረዱ።

የኦሙ ነገር የሚመጣው ቮልት ላይ ነው። ኦሙ ከፍ ያለ ሄድፎን ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በራሱ አባዙና በኦሙ አካፍሉ። የዜንሃይዘርን ኤችዲ 600 እንውሰድ፤ 300 ኦም ነው። 1 ቮልት የምታወጣ ትንሽ ዳክ 3 ሚሊዋት ገደማ ትሰጠዋለች። 2 ቮልት የምታወጣዋ 13 ሚሊዋት ትሰጣለች። 4 ቮልት የምታወጣዋ ደግሞ 53 ሚሊዋት። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ራሳችሁን ከእነዚህ በአንዱ አግኙ፦

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ከሆነ 1 ቮልት ይበቃል፤ ይተርፋልም። ብዙ ኃይል ፍለጋ አትድከሙ። ለእናንተ የሚያስፈልገው ጸጥታ ነው።

እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ (38 ኦም) ወይም እንደ ሶኒ ኤምዲአር 7506 (63 ኦም) ያለ ስቱዲዮ ውስጥ የሚታይ ሄድፎን ከሆነም 1 ቮልት ያስኬዳል፤ 2 ቮልት ከሆነ ዘና ትላላችሁ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ደግሞ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። መልካቸው ይመሳሰላል። ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ ለስልክ የሚመቸው 32 ነው።

300 ኦም ያለው ወይም "ፕላናር" የሚባለው (በስስ ጠፍጣፋ ሽፋን ድምፅ የሚያወጣ) ከባድ ሄድፎን ከሆነ 2 ቮልት መነሻ ነው። እዚህ ነው ባለ 4.4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ዳክ ትርጉም የሚኖረው። "ባላንስድ" ይሉታል። እያንዳንዱን ጆሮ ከሁለት ጫፍ በተቃራኒ በሚሠሩ ሁለት አምፕሊፋየሮች ስለሚነዳ ብዙ ጊዜ ቮልቱን እጥፍ ያደርገዋል። የሄድፎኑ ገመድም 4.4 መሆን አለበት። መቀየሪያ ቀጥላችሁ የተለመደውን የ3.5 ሚሊሜትር ገመድ እዚያ ለመሰካት አትሞክሩ፤ ዳኩን ልታበላሹት ትችላላችሁ።

4. ጸጥታው

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን በትንሽ ኃይል ስለሚጮህ የዳኩን ሽሽታም አብሮ ያጮኸዋል። ስለዚህ ኃይለኛ ዳክ ለስስ ኢርፎን ጥሩ ጓደኛ አይሆንም። ባለ 4 ቮልት ዳክ ላይ ስስ ኢርፎን ብትሰኩ የድምፅ መጠኑ ዝቅተኛዎቹ እርከኖች ላይ ሳለም ሊጮህባችሁ ይችላል። በልክ ማስተካከል ያስቸግራል።

ሌላው የዳኩ የራሱ የመውጫ ኦም ነው። የሄድፎናችሁን ኦም ለ8 አካፍሉ፤ የዳኩ ኦም ከዚያ ማነስ አለበት። 16 ኦም ላለው ኢርፎን ከ2 ኦም በታች ማለት ነው። ከበለጠ፣ በተለይ በውስጡ ብዙ ትናንሽ ድምፅ አውጪዎች ያሉት ኢርፎን ላይ፣ ባሱ ወይም ቀጭኑ ድምፅ አለቦታው ከፍና ዝቅ ይላል። ደህና የሚባሉት የዛሬ ዳኮች ብዙዎቹ ከ1 ኦም አይበልጡም።

5. የማትከፍሉባቸው ቁጥሮች

"32 ቢት፣ 768 ኪሎኸርዝ" የሚል ጽሑፍ ካርቶን ላይ በትልቁ ታያላችሁ። እለፉት። ቢቱ እያንዳንዱ የድምፅ ልኬት ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ፣ ኪሎኸርዙ ደግሞ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ ይናገራል። የሲዲ ሙዚቃ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም፤ ዕድሜ ሲጨምር እሱም ይቀንሳል። አንድን ድምፅ ለመያዝ ከእጥፉ በላይ መለካት ያስፈልጋል፤ 44.1 የተመረጠውም እስከ 20 ድረስ ያለውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ለመያዝ ስለሚበቃ ነው። 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ የሚችል ዳክ ለማንኛውም ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ዳኩ ውስጥ ያለው፣ ቁጥሩን የሚለውጠው ቺፕ ስምም እንዲሁ። ያው ቺፕ በአንዱ ፋብሪካ እጅ ያምራል፣ በሌላው እጅ ያሾሻል። ለማድቤት ሰው ልንገራችሁ፤ በርበሬው አንድ ሆኖ የሁለት ቤት ወጥ አንድ አይሆንም።

"ኤምኪውኤ" (ሙዚቃን የመጭመቂያ አንድ ዘዴ ነው) የሚል ምልክት ካያችሁ ለእሱ ብላችሁ ሳንቲም አትጨምሩ። የኤምኪውኤ ኩባንያ በ2023 በኪሳራ አስተዳደር ሥር ወደቀ፤ ዋና ተጠቃሚው የነበረው የሙዚቃ ማሰሚያ አገልግሎት ታይዳልም በ2024 ትቶታል።

6. እንግዲህ የቱን?

ለብዙ ሰው መነሻው የአፕል ትንሿ የታይፕ ሲ መቀየሪያ ናት። አሜሪካ ውስጥ 9 ዶላር ትሸጣለች። ለዋጋዋ የማይታመን ጥራት አላት፤ ሽሽታ የላትም፣ የመውጫ ኦሟ ዝቅተኛ ነው፣ ማይክም ትቀበላለች። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ድምፁ አንሶ ነው የሚወጣው። ይህ የሚስተካከለው እንደ ዩኤስቢ ኦዲዮ ፕሌየር ፕሮ ባለ የራሱን መንገድ በሚጠቀም አፕ ነው፤ ያ ደግሞ ለዩቲዩብ አይሆንም። ሁለተኛው ከውጭ በዘመድ ለሚያስመጡ ነው። አሜሪካ የሚሸጠው 1 ቮልት ያወጣል። አውሮፓ የሚሸጠው በዚያ ባለው የድምፅ ገደብ ምክንያት ግማሹን ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ዘመድ አሜሪካም ጀርመንም ካላችሁ የአሜሪካውን አስቸግሩ።

አንድሮይድ ለያዘና ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ለሚፈልግ የቻይናዎቹ ፊዮና ሙንድሮፕ አሉ። የፊዮ ኬኤ3 እና የሙንድሮፕ ዶውን ፕሮ ሁለቱም 3.5 እና 4.4 ቀዳዳ አላቸው። ዛሬ ኢርፎን ይዞ ነገ ትልቅ ሄድፎን ለሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን እመርጥለታለሁ። በስልክ ማውራት የሚፈልግ ግን ማይክ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ለመስሚያ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በላይ የራሳቸው ባትሪ ያላቸው አሉ። የቾርድ ሞጆ 2 እና የአይፋይ ሂፕ ዳክ እዚህ ይመደባሉ። የስልኩን ባትሪ አይበሉም፣ ከባዱንም ሄድፎን ይነዳሉ። ግን ኪስ ውስጥ እንደ ሁለተኛ ስልክ ናቸው። በእኔ አስተያየት ቤት ቁጭ ብሎ ለሚሰማ እንጂ ታክሲ ለሚጋፋ አይደሉም።

ታክሲ ለሚጋፋ ሌላ መንገድ አለ። እንደ ኩዴሊክስ 5ኬ ያለው ዳክ በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር ይገናኛል፤ ባለ ሽቦ ኢርፎናችሁን እሱ ላይ ሰክታችሁ አንገትጌያችሁ ላይ ቆንጥጣችሁ ትሄዳላችሁ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ኤልዳክ በሚባለው (ስሙ ቢመስልም ዳክ አይደለም) በብሉቱዝ ድምፅ የመላኪያ መንገድ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይልካል። በመንገድ ጫጫታ መካከል ከሽቦው የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው አላጋጠመኝም። አይፎን ግን ኤልዳክን አይደግፍም፤ ኤኤሲ በሚባለው ሌላ መንገድ ነው የሚልከው፤ እሱም ይበቃል።

7. ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ

የራሳችሁን ስልክ፣ የራሳችሁን ኢርፎንና በደንብ የምታውቁትን አንድ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ ሻጩ የሚያጫውትላችሁን ዘፈን አትስሙ።

ሰኩት። ስልኩ ወዲያው አወቀው? ዘፈኑን አቁሙና ጆሯችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ዝምታውን ስሙ። ሞባይል ዳታ ከፍታችሁ አንድ ገጽ እያስጫናችሁ ደግማችሁ ስሙ። በደንብ ያልተሠራ ዳክ የስልኩን ኔትወርክ ይስባል፤ "ጥር ጥር ጥር" ይላል። ከዚያ መሰኪያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ድምፁ ከተቆራረጠ አትውሰዱት፤ ኪስ ውስጥ ከዚያ የባሰ ይገጥመዋል። በመጨረሻም ስልኩ ላይ ድምፁን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። በዝቅተኛው ላይ የግራና የቀኙ ጆሮ እኩል ናቸው?

ሁለት ዳክ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን አስተካክሉ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ "የጠራ" ይመስላል። ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው። ሻጩ ሳያውቀውም ሊያደርገው ይችላል። ኃይለኛውን ዝቅ አድርጋችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ ልዩነቱን ካልሰማችሁ ርካሹን ግዙ።

8. ቤት ስትገቡ

አንድሮይድ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ድምፅ ወደ አንድ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 48 ኪሎኸርዝ፣ ለውጦ ነው ወደ ዳኩ የሚልከው። ጉዳቱ ጥቂት ስለሆነ እንቅልፍ አይንሳችሁ። የሚያሳስበው ሰው ይህን የሚያልፍ አፕ ይጠቀም፤ ከ2023ቱ አንድሮይድ 14 ወዲህ ስልኩ ራሱም ለአፖች መንገዱን ከፍቷል። ኢኳላይዘርና "ድምፅ ማሳመሪያ" የሚባለውን ግን ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት አጥፉት። ዕቃውን በራሱ ድምፅ እወቁት።

ጥርት ያለ ድምፅ ጆሮን ስለማያስቸግር ሰው ሳያውቀው ከፍ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ለልጆች 75። አይፎን የድምፁን መጠን ጤና በሚባለው አፕ ውስጥ ይመዘግባል። መዝገቡ ግን በትክክል የሚሠራው ስልኩ ለሚያውቃቸው ኢርፎኖች ነው፤ በሌላ ዳክ በኩል ስትሰሙ ግምት እንጂ ልክ አይደለም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምሬ ቃላቱ በግልጽ እስኪሰሙኝ ብቻ ከፍ አደርጋለሁ፣ እዚያው እተወዋለሁ።

ስትጨርሱ ዳኩን ከስልኩ ንቀሉት። ዘፈን ባይኖርም እንደተሰካ ባትሪ ይበላል። ስትነቅሉት ገመዱን አትጎትቱ፤ መሰኪያውን ያዙ። ገመዱ ከመሰኪያው ጋር የሚገናኝበት አንገት ነው ቀድሞ የሚበጠሰው። የእኔ የመጀመሪያዋ እዚያው ላይ ነው የተቆረጠችው። አሁን ያለችውን በአሮጌ የመነጽር ቦርሳ ውስጥ ነው የምይዛት፤ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።